ሞናኮ ይቆይ፣ ይስተካከል ወይስ ይሰናበት? የከተማ ጎዳና ሰርኪቶች ንጽጽር

የሞናኮ ግራንድ ፕሪ ባለቀ ማግስት በየዓመቱ ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «ይህማ ሰልፍ እንጂ ውድድር አይደለም፣ ከካሌንደሩ ይውጣ» ይላል። ሌላው «ሞናኮ የሌለበት ፎርሙላ 1 ምኑን ፎርሙላ 1 ሆነ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ተለያዩ ቀኖች ነው። ይውጣ ባዩ የሚያስበው የእሁዱን ውድድር ነው፣ ይቆይ ባዩ ደግሞ የቅዳሜውን የመነሻ ቦታ ማጣሪያ። ይህን ሳይለዩ አማራጮቹን ማወዳደር ስለማይቻል፣ እዚህ እያንዳንዱን መፍትሔ «ለየትኛው ቀን ይጠቅማል?» እያልኩ አያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ በትክክል የቱ ጋ ነው?

የመጀመሪያው የሞናኮ ግራንድ ፕሪ የተካሄደው በ1929 ነው። ያዘጋጀው አንቶኒ ኖጌስ ሲሆን አሸናፊው ቡጋቲ የነዳው ዊሊያም ግሮቨር ዊሊያምስ ነበር። የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ሲጀመርም ሞናኮ አብሮ ነበረ። ዛሬ አንዱ ዙር 3.337 ኪ.ሜ. ነው፤ 78 ጊዜ ሲዞር 260 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ሌሎቹ ውድድሮች ሁሉ ከ305 ኪ.ሜ. በላይ እንዲሄዱ ደንቡ ሲያስገድድ፣ ሞናኮ ብቻ በልዩ ፈቃድ ከዚያ ያነሰ ይሄዳል። ይህ ልዩ ፈቃድ ብዙ ይናገራል፦ ዛሬ አንድ ከተማ ይህንኑ መንገድ ይዞ «አዲስ ሰርኪት ልክፈት» ቢል በሩ ላይ ይመለሳል።

መቅደም ግን እዚያ ድሮም ቀላል አልነበረም። የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኑ ኔልሰን ፒኬ ሞናኮ ላይ መንዳትን ሳሎን ውስጥ ብስክሌት ከመንዳት ጋር ያመሳሰለው መኪኖቹ ከዛሬዎቹ እጅግ ባጠሩበትና በቀለሉበት ዘመን ነው። በ1992 ናይጄል ማንሰል ውድድሩን ሲመራ ቆይቶ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ጎማ ለመቀየር ገባ፤ ሲወጣ አይርተን ሴና ቀድሞታል። ማንሰል አዲስ ጎማ ነበረው፣ መኪናውም የዚያ ዓመት ፈጣኗ ነበረች። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከሴና ኋላ ተለጥፎ ግራም ቀኝም ሞከረ፣ አላለፈም። ያ ፍልሚያ እስከ ዛሬ በስስት ይወራል፤ አንድም መቅደም ያልታየበት መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እንግዲያው ምን ተለወጠ? ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል ባይ ነኝ።

አንደኛው የመኪኖቹ ጥንካሬ ነው። በ1982 በመጨረሻዎቹ ዙሮች መሪው ተፈራርቆ ተፈራርቆ አንዱ ተጋጨ፣ አንዱ ዋሻው ውስጥ ቆመ፣ ሌላው ነዳጅ አለቀበት፤ ቀደም ብሎ ተሽከርክሮ የቆመው ሪካርዶ ፓትሬዜ መኪናውን መልሶ አስነሥቶ አሸነፈ። በ1996 ደግሞ ኦሊቪዬ ፓኒስ ከ14ኛ ቦታ ተነሥቶ በሊዢዬ መኪና ሲያሸንፍ፣ ውድድሩ ሲያበቃ መንገድ ላይ የቀሩት ሦስት መኪኖች ብቻ ነበሩ። በእጅ ማርሽ ዘመን ደግሞ አሽከርካሪው በእያንዳንዱ ዙር አንድ እጁን ከመሪው እያነሣ በተደጋጋሚ ማርሽ ስለሚቀይር፣ አንዴ ማርሽ ሲስት ከኋላው ላለው በር ይከፈታል። ዛሬ ማርሹ በመሪው ጀርባ በጣት ይነካል፣ ሞተሩ አይሞትም፣ ስሕተቱም ጥቂት ነው። ዱሮ ደረጃውን ይበጠብጡት የነበሩ ነገሮች አንድ በአንድ ተወግደዋል።

ሁለተኛው መጠን ነው። ከ2017 እስከ 2025 የነበሩት መኪኖች ስፋታቸው ሁለት ሜትር ነበር፣ ርዝመታቸው ከአምስት ሜትር ተኩል ያላነሰ። በ2009 የመኪናው ዝቅተኛ ክብደት ከነአሽከርካሪው 605 ኪ.ግ. ነበር፤ በ2025 800 ደረሰ። ሰዓት ላይ ፈጣን ናቸው፣ ጎን ለጎን ግን አይገቡም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ሆን ብሎ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። በ2018 ዳንኤል ሪካርዶ እየመራ ሳለ፣ ውድድሩ ግማሹን እንኳ ሳያጋምስ፣ የመኪናው የኤሌክትሪክ ኃይል ክፍል ተበላሽቶ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጣ። ሌላ ቦታ ቢሆን በሁለት ዙር ውስጥ ስንቱ በላዩ ላይ በሄደበት ነበር። ሞናኮ ላይ ግን ማንም ሳያልፈው አሸነፈ። ቡድኖቹ የተማሩት ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ከፊት እስካለህ ድረስ ፍጥነት አያስፈልግህም። ጎማህን ቆጥብ፣ ከኋላህ ያለውን ሰልፍ አስጠብቅ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ፍጠን።

በ2024 የዚህ ሁሉ ድምር ታየ። በመጀመሪያው ዙር ከባድ ግጭት ስለደረሰ ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ፤ ሁሉም በእረፍቱ ጎማ ቀየረ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀየር ነገር አልቀረም። ሻርል ለክሌር በትውልድ ከተማው አሸነፈ፣ ከሉዊ ሺሮን የ1931 ድል በኋላ የመጀመሪያው የሞናኮ ተወላጅ ሆነ። ከፊት የተነሡት አሥሩ መኪኖችም በተነሡበት ቅደም ተከተል ጨረሱ፤ በፎርሙላ 1 ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ለከተማዋ ልጅ ትልቅ ቀን፣ ለተመልካች ረጅም ከሰዓት።

አንዱ አማራጭ፦ እንዳለ መተው

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ቅዳሜ ነው፣ ድክመቱ እሁድ። የሚደግፉት ሰዎች «ሞናኮ ሞናኮ ነው» ከማለት ያለፈ ምክንያት እምብዛም አያቀርቡም፤ እኔም በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሳይነካ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው የእሁዱን ነገር እንደ ሥነ ሥርዓት ለመቀበል መዘጋጀት አለበት።

ሁለት ጊዜ ጎማ አስገድዶ ማስቀየር

በ2025 የተሞከረው ይህ ነው። ለሞናኮ ብቻ በወጣ ደንብ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በውድድሩ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የጎማ ስብስብ እንዲጠቀም፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ፒት (የጎማ መቀየሪያው ቦታ) እንዲገባ ተገደደ። ሐሳቡ ቀና ነበር፦ መንገድ ላይ መቅደም ካልተቻለ በፒት ስልት ይቀዳደሙ።

ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ፒት መግባት 20 ሰከንድ ገደማ ስለሚያስከፍል፣ ሁለት መኪና ያለው ቡድን አንዱን መኪና መሰናክል አድርጎ ለሌላው ያንን ክፍተት ሊሠራለት ይችላል። የሬሲንግ ቡልሱ ሊያም ሎውሰን ከኋላው ያለውን ሁሉ አዘግይቶ ጓደኛው ኢሳክ ሃጃር ሁለቴ ገብቶ ቦታው እንዲመለስ አደረገ፤ ሃጃር 6ኛ፣ ሎውሰን 8ኛ ጨረሱ። የዊሊያምስ ቡድን አይቶ ያንኑ ደገመው፤ ሳይንዝና አልበን እየተፈራረቁ ዘጉ፣ አልበን 9ኛ፣ ሳይንዝ 10ኛ ሆኑ። ከኋላቸው የተያዘው ጆርጅ ራስል ትዕግሥቱ አልቆ ከዋሻው በኋላ ያለውን ሺኬን (ፍጥነት እንዲቀንስ የተሠራ ጠምዛዛ መታጠፊያ) አቋርጦ አልበንን አለፈ። ቅጣቱን ከፍሎ ነፃ መንገድ ማግኘት የተሻለ ነው ብሎ አስልቶ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ከጠበቀው የከበደ፣ በፒት መንገድ አልፎ የመውጣት ቅጣት ሰጡት። ከፊት ደግሞ ማክስ ቬርስታፐን ቀይ ባንዲራ ይወጣ ይሆናል ብሎ ሁለተኛውን ፒት እስከ መጨረሻው ድረስ አዘገየ፤ ባንዲራው አልወጣም። ኖሪስ፣ ለክሌር፣ ፒያስትሪ፣ ቬርስታፐን፤ በዚህ ቅደም ተከተል ተነሥተው በዚሁ ጨረሱ።

በንጽጽሩ ይህን አማራጭ ከሁሉ ዝቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ቀስ ብሎ መንዳት የሚጠቅምበት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ የመንዳትን ጥቅም የሚጨምር ደንብ ነውና። ሰው በመንገዱ ላይ የሚያየው የቡድን ሤራ እንጂ የአሽከርካሪ ችሎታ አይደለም።

መንገዱን መቀየር

«ታሪካዊ መንገድ አይነካም» የሚለው መከራከሪያ በታሪክ ራሱ ይፈርሳል። መንገዱ ስንቴ ተነክቷል! በ1973 በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው ክፍልና ራስካስ የተባለው መታጠፊያ ያለበት አዲስ መንገድ ተጨመረ፤ በ1986 ወደብ ዳር ያለው ሺኬን አሁን ያለውን ቅርጽ ያዘ። ስለዚህ ጥያቄው መነካቱ ሳይሆን የቱ ጋ ቢነካ ይረባል የሚለው ነው።

ተስፋ ያለው አንድ ቦታ አለ፦ ከዋሻው መውጫ እስከ ሺኬኑ። መኪኖቹ እዚያ ወደ 290 ኪ.ሜ. በሰዓት ይደርሳሉ፣ ቁልቁል እየወረዱ ፍሬን ይይዛሉ። ሺኬኑ ወደፊት ቢገፋ ቀጥ ያለው መንገድ ይረዝማል፣ ሺኬኑ ራሱም ጠበብ ቢል የፍሬን መያዣው ርቀት ይጨምራል። መቅደም የሚወለደው ደግሞ ፍሬን ላይ ነው። ችግሩ የቦታ ጥበት ነው፤ አገሪቱ በሙሉ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በ2024 መጨረሻ የተመረቀው ማሬቴራ የተባለው ሰፈር ከባሕሩ ስድስት ሄክታር መሬት ወስዶ ተሠርቷል፤ የተሠራው ግን ለመኖሪያ ነው፣ ውድድሩ ከዚያ የደረሰው ነገር የለም። የመሬቱን ዋጋ ለሚያውቅ አይገርምም።

ያም ሆኖ ለእሁድ ከሚጠቅሙት መፍትሔዎች ውስጥ ይህ የተሻለው ነው። ቅዳሜንም አይጎዳም።

መኪናውን ማሳነስ

ከ2026 ጀምሮ በወጣው ደንብ መኪኖቹ በአሥር ሴንቲ ሜትር ጠበው 1.9 ሜትር ሆነዋል፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ3.6 ወደ 3.4 ሜትር ወርዷል፤ ዝቅተኛው ክብደትም 768 ኪ.ግ. ሆኗል። አቅጣጫው ትክክል ነው። ሞናኮ ላይ ግን አሥር ሴንቲ ሜትር ከግድግዳ ጋር ላለመጋጨት ይረዳል እንጂ ለመቅደም በቂ አይደለም፤ ማንሰል ከዚህ ባጠረና በቀለለ መኪና አልቻለም።

«መኪናው ትንሽ ቢሆን ሞናኮ ይድናል» የሚሉ ሰዎች ፎርሙላ ኢን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ከ2015 ጀምሮ ሞናኮ ላይ ይወዳደራሉ፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ በረጅሙ መንገድ። መቀዳደሙም የተትረፈረፈ ነው። እውነት ነው፣ መኪኖቹ 1.7 ሜትር ብቻ ናቸው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል፦ በፎርሙላ ኢ መሪው ንፋሱን እየሰነጠቀ ኃይሉን ይጨርሳል፣ ከኋላ ያለው ይቆጥባል፤ ስለዚህ መምራት ራሱ ቅጣት ነው። ማንም ከፊት ለመሆን አይቸኩልም፣ የተቀደመም አይከላከልም። በፎርሙላ 1 ደግሞ ሞናኮ ላይ ከፊት መሆን ሁሉ ነገር ነው። ሌላም ዋጋ አለው፦ የኤሌክትሪኮቹ መኪኖች በአንድ ዙር ከፎርሙላ 1 ከ15 ሰከንድ በላይ ይዘገያሉ። መቅደሙን ለማግኘት ፍጥነቱን የሚሰጥ ካለ ይውሰድ፤ እኔ ካሲኖውን ያለፈ መኪና ከግድግዳው ጣት ርቀት ላይ ሲወረወር ማየቱን አልለውጥም።

በዘመናዊ ጎዳና መተካት

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም «ሞናኮ ይውጣ» የሚል ሰው «በምን ይተካ?» ሲባል የሚጠራቸው እነዚህ ናቸው። «የከተማ ሰርኪት» የሚለው ስም ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ነገሮችን አንድ ላይ ያስራል።

ባኩ ለእሁድ ከሁሉም ይመረጣል። ርዝመቱ 6.003 ኪ.ሜ. ሆኖ ሁለት ፊት አለው፦ በአሮጌው ከተማ ግንብ ሥር መንገዱ ወደ 7.6 ሜትር ይጠባል፣ ከዚያ ወጥቶ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ፍሬን ይከንፋል። ጥበቱ ስሕተት ያስከፍላል፣ ቀጥታው መቅደም ይሰጣል። በ2017 ሪካርዶ ከ10ኛ ተነሥቶ አሸንፏል፤ በ2021 ቬርስታፐን እየመራ ሳለ ጎማው ፈነዳና ድሉ ወደ ሰርጂዮ ፔሬዝ ዞረ። በ2025 በማጣሪያው ብቻ ስድስት ጊዜ ቀይ ባንዲራ ተውለብልቧል፣ ይህም ክብረ ወሰን ነው። ይሁን እንጂ ባኩም ሁሌ አይሞቅም፤ ማንም ካልተጋጨ መኪኖቹ ተከታትለው የሚዞሩበት ዓመት አለ። የሞናኮን ዕድሜና የባኩን ቀጥታ መንገድ አንድ ላይ የያዘ ከተማ ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ ባልኖረ ነበር።

ሲንጋፖር ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። በ2008 ሲጀመር የመጀመሪያው የሌሊት ግራንድ ፕሪ ነበር። ሙቀቱና እርጥበቱ ከአሽከርካሪው አካል እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርስ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ውድድሩም ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መቅደም እዚህም ከባድ ነው፣ ግን አይሞትም፦ በ2023 አራት መታጠፊያዎች ተነሥተው ዙሩ ወደ 4.94 ኪ.ሜ. አጥሮ ቀጥታ መንገድ ተገኘ። በዚያው ዓመት ካርሎስ ሳይንዝ እየመራ ሆን ብሎ ከኋላው ያለውን ኖሪስን ከአንድ ሰከንድ በታች አስጠግቶ ያዘው፤ ኖሪስ (ከፊቱ ላለው በዚያ ልክ ለቀረበ ያኔ ይፈቀድ እንደነበረው) የኋላ ክንፉን ከፍቶ በሚያገኘው ፍጥነት ሁለቱን መርሴዲሶች እንዲከላከልለት። ከኋላህ ያለውን ተፎካካሪ ጋሻ ማድረግ! መቅደም ሳይኖር ውድድር እንዴት ሊደምቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እስከ 2023 ድረስ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲደርስ ከፊት ሆኖ ተወዳዳሪዎቹን የሚያዘገየው መኪና) ያልወጣበት የሲንጋፖር ውድድር አልነበረም፤ በ2024 ሳይወጣ ቀረ፣ ኖሪስም ከ20 ሰከንድ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፈ። ያኔ ሲንጋፖርም ሞናኮን መሰለች።

ጅዳ 6.174 ኪ.ሜ.፣ 27 መታጠፊያ፣ በአማካይ 250 ኪ.ሜ. በሰዓት ገደማ። ስሙ የከተማ ሰርኪት ይሁን እንጂ ጠባዩ የፈጣን ቋሚ ሰርኪት ነው፤ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረበው። ለዓይን ያስደነግጣል። ከደኅንነት አንጻር ግን በዚያ ፍጥነት ከፊት ያለው በማይታይበት መታጠፊያ የቆመ መኪና ቢኖር የሚለው ሐሳብ እረፍት አይሰጥም። ሞናኮን «አደገኛ አሮጌ መንገድ» ብለው የሚጠሩ ይህን ያነጻጽሩ። በ1955 አልቤርቶ አስካሪ ወደብ ውስጥ የገባበት፣ በ1967 ሎሬንዞ ባንዲኒ በሺኬኑ አካባቢ ተጋጭቶ በቃጠሎ የሞተበት መንገድ ዛሬ በ33 ኪ.ሜ. ገደማ የብረት አጥር ታጥሯል። ማርሻሎቹም የተጋጨ መኪና በክሬን አንሥተው በሰከንዶች ከመንገድ በማውጣት ይታወቃሉ። ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው፤ በሆቴሉ ፊት ያለው ጠምዛዛ መታጠፊያ በ50 ኪ.ሜ. ገደማ ይታለፋል፣ በካሌንደሩ ሁሉ ዝግተኛው።

ላስ ቬጋስ ለትርኢት የተሠራ ነው፤ ይህን አይደብቅም። የፎርሙላ 1 ባለቤት ሊበርቲ ሚዲያ ለፒት ሕንፃው መሬት ብቻ 240 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በ2023 የመጀመሪያው ልምምድ ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላው የመንገድ ውስጥ የብረት ክዳን ተነሥቶ የሳይንዝን ፌራሪ ወለል ቀደደው፤ ሁለተኛው ልምምድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ተጀመረ፣ ተመልካቾቹ ግን ወደ ቤታቸው ተልከው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው እሁድ (እዚያ ቅዳሜ ሌሊት ነው) በመቅደም የተሞላ ነበር። መንገዱ ረጅም፣ ቀጥታው ረጅም፣ ምሽቱ ቀዝቃዛ፣ ጎማው የማይሞቅ፤ ውጤቱ ይበጠበጣል። ቅዳሜው ግን አይረሳም የሚባል አይደለም፤ ዘጠና ዲግሪ መታጠፊያ ሲደጋገም ማንም ቢነዳው ያው ነው።

አዲስ መሆን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ ቫሌንሲያን ማስታወስ ይበቃል። ከ2008 እስከ 2012 ሰፊ፣ አዲስ፣ ወደብ ዳር የነበረ ሰርኪት ነበር፤ አንድ የማይረሳ ውድድር ሰጥቶ፣ አሎንሶ ከ11ኛ ተነሥቶ ያሸነፈበትን የመጨረሻውን፣ ተዘጋ። የውድድሩ መንገድ ዛሬ ተጥሏል። ማድሪድ በ2026 ካሌንደር የገባችው ይህንን ታሪክ ከኋላዋ ይዛ ነው።

ሌሎቹ አሮጌ ጎዳናዎች

ክርክሩ ሞናኮ ላይ ብቻ ሲቆም ሁለት መልካም ማነጻጸሪያዎች ይዘነጋሉ።

ማካው ከ1954 ጀምሮ ይወዳደርበታል። 6.12 ኪ.ሜ. የሆነው የጊያ ሰርኪት ከኮረብታው ላይ ከሞናኮ የባሰ ጠባብ ነው፤ ሜልኮ የተባለው መታጠፊያ ላይ ቢጫ ባንዲራ ሁልጊዜ ስለሚውለበለብ መቅደም በሕግ ተከልክሏል። ከታች ግን በማንዳሪን በኩል ወደ ሊስቦዋ የሚሮጠው ረጅም ቀጥታ መንገድ አለ፣ እዚያ ሁሉም ሒሳቡን ያወራርዳል። በ1983 ፎርሙላ 3 ሲገባ የመጀመሪያው አሸናፊ ሴና ነበር፤ በ1990 በመጨረሻው ዙር ሚካ ሃኪነን ሹማኸርን ለማለፍ ሲሞክር የተጋጨው በዚያው ቀጥታ ላይ ነው። ማካው አሮጌ ነው፣ አደገኛም ነው፣ ግን ቅዳሜም እሁድም አለው። መነካት የለበትም። ፎርሙላ 1ን ግን አይሸከምም፣ ሊሸከምም አይገባም።

ሎንግ ቢች ደግሞ ሞናኮን አስቦ የተፀነሰ ነው። ከ1976 እስከ 1983 ፎርሙላ 1 ነዳበት፤ በመጨረሻው ዓመት ጆን ዋትሰን ከ22ኛ ተነሥቶ አሸነፈ፣ ኒኪ ላውዳ ከ23ኛ ተነሥቶ ሁለተኛ ወጣ። ሁለቱም የማክላረን መኪኖች ነበሩ፤ ውድድሩ በቆየ ቁጥር ጎማቸው ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ሠራ። የከተማ መንገድ መቅደምን በተፈጥሮው ይገድላል የሚል ሰው ይህን ውጤት ማብራራት አለበት። ሎንግ ቢች ዛሬም የኢንዲካር (የአሜሪካ የመኪና ሻምፒዮና) ውድድር ነው፣ ሕይወቱም አልጠፋም።

በፈረቃ ማካሄድ

የቤልጂየሙ ስፓ በአዲሱ ውል በ2026፣ 2027፣ 2029 እና 2031 ብቻ ይካሄዳል፤ ኢሞላ ከ2025 በኋላ ከካሌንደሩ ወጥቷል፤ ዛንድቮርትም ከ2026 በኋላ ይሰናበታል። በ24 ውድድሮች ካሌንደር ውስጥ ሞናኮም ሁለት ዓመት አንዴ ይሁን የሚል ሐሳብ ምክንያታዊ ይመስላል። የረጅም ጊዜ ውል ስላለው ግን ለጊዜው ወሬ ነው። ከሁሉ በላይ፣ በፈረቃ መካሄዱ ውድድሩ የተካሄደበትን ዓመት እሁድ አያሻሽለውም። ከስፓና ከሞናኮ አንዱ በፈረቃ ይሁን ከተባለ እኔ ስፓን በየዓመቱ አስቀርቼ ሞናኮን አፈራርቅ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በተቃራኒው ፈረደ።

እኔ የምመርጠው

መቅደም ማየት የሚፈልግ ባኩን ይምረጥ። የአካል ጽናትና የስልት ጨዋታ የሚወድ ሲንጋፖርን። ፍጥነት ከግድግዳ ጋር ሲገጥም ማየት የሚሻ ጅዳን። አሽከርካሪን ብቻውን፣ ያለ ሰበብ መለካት የሚፈልግ ግን ከሞናኮ ቅዳሜ የተሻለ አያገኝም። በ1988 ሴና በተመሳሳይ መኪና የነዳውን ፕሮስትን በ1.427 ሰከንድ በለጠ፤ ይህ በአንድ ቡድን ውስጥ የሚታመን ልዩነት አይደለም። በ2023 ቬርስታፐን በመጨረሻው የዙሩ ክፍል ግድግዳውን እየነካ አሎንሶን በ0.084 ሰከንድ ቀደመው። በ2025 ኖሪስ 1:09.954 ሲያስመዘግብ የመንገዱን ክብረ ወሰን ሰበረ። በእነዚህ ደቂቃዎች ጉልበት ያለው ሞተር ብዙ አይረዳም፣ የቡድን ስልትም እንዲሁ።

ስለዚህ ምርጫዬ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ነው። ሺኬኑ ቦታው በፈቀደ መጠን ወደፊት ይገፋ፣ አስገዳጁ ሁለት ፒት አይደገም። ከዚያ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው ለሞናኮ ቅዳሜ ነጥብ ይስጥ። አዲስ ፈጠራ አይደለም፦ ፎርሙላ ኢ ለፖል (ለአንደኛው የመነሻ ቦታ) ሦስት ነጥብ ይሰጣል፣ ፎርሙላ 2 ሁለት፣ ኢንዲካር አንድ። ፎርሙላ 1 ራሱ ለቅዳሜ አጭር ውድድር ነጥብ መስጠት ከጀመረ ከ2021 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሞናኮ ላይ ከፖል ጀምሮ እስከ አሥረኛ ወይም እስከ ስምንተኛ ደረጃ ድረስ ቢሰጥ፣ የእሁዱም ነጥብ በዚያው ልክ ቢቀነስ፣ ሚዛኑ መኪኖቹ በእውነት ወደሚወዳደሩበት ሰዓት ይዞራል።

ተቃውሞው ይታወቀኛል፦ ለአንድ ከተማ የተለየ ደንብ ይወጣ ወይ? 260 ኪ.ሜ. ብቻ እንዲሮጥ ከተፈቀደለት ጀምሮ የተለየ ደንብ አለው፤ በ2025 የጎማ ደንብም ለብቻው ወጥቶለታል። ልዩነት ከኖረ አይቀር ለመንገዱ የሚስማማው ይሁን። እስከዚያው ግን ከሁለቱ ቀናት አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ቅዳሜን ይያዝ፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች፤ እሁድ ዝናብ ከተነበየ ብቻ ሐሳቡን ይቀይር።